በሁለቱ መሃል የወደቀችው ላባ

ላስሚ ባድሜንተን የለመደችው ሩዝ ማስጫ ላይ ነው። ከክላተን ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራቸው፣ ሩዙ ደርቆ ከተሰበሰበ በኋላ የማስጫው ሲሚንቶ ባዶውን ስለሚውል፣ ጎረምሶቹ በኖራ መስመር ያሰምሩበትና በሁለት ቀርከሃ መሃል አሮጌ የዓሣ መረብ ወጥረው ይጫወቱበት ነበር። ሰው ሲጎድልባቸው ላስሚን ይጠሯታል። «አንቺ አጭሯ፣ ነይ ከፊት ቁሚ። ከኋላ እኛ አለን» ይሏታል። እሷም መረቡ ስር ተገትራ፣ እንቁራሪት ዝንብ እንደምትለቅም፣ በራኬት የምትመታውን ባለላባ ኳስ፣ እነሱ «ላባ» የሚሏትን፣ በመጣች ቁጥር ትለቅም ጀመር። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በተጫወተችበት ዘመን ሁሉ ከመረቡ ብዙም አልራቀች።

አባቷ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ጎረቤቶቹ «ልጅህ እኮ እጇ ይፈጥናል» ሲሉት ስለሰነበቱ፣ አንድ ቀን ከብስክሌቱ ኋላ አስቀምጧት ከተማ ወዳለው ክለብ ወሰዳት። በክለቡ አደገች፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷም ጃካርታ ካለው የብሔራዊ ቡድን ካምፕ ተጠራች። ለብቻዋ መጫወት ሞክራ አልሆነላትም። እግሯ አጭር ስለሆነ ሜዳው ይሰፋባታል። በጥንድ ጨዋታ ግን ከፊት ስትቆም ተጋጣሚ ይጨነቃል፤ ላባዋን ዝቅ አድርጎ ማሳለፍ ስለማይችል ሳይወድ ከፍ ያደርጋታል። ከፍ ስትል ደግሞ ከኋላ ያለችው ጓደኛዋ ዘላ ትመታታለች። ጭብጨባው ለመቺዋ ነው። ላስሚ ይህን ገና በልጅነቷ አውቃው ተቀብላዋለች።

ጓደኞቿ ግን አልበረከቱላትም። የመጀመሪያዋ ጉልበቷ ተበላሽቶ ቀረች። ሁለተኛዋ አገባች። ሦስተኛዋን ከጥሬነቷ አንስታ ካበሰለቻት በኋላ አሰልጣኙ ወስዶ ለሌላ ሰጣት። ያቺ ልጅ ከአዲሷ ጓደኛዋ ጋር ዋንጫ ስታነሣ ላስሚ በካምፑ መመገቢያ ቤት በቴሌቪዥን አየቻት፤ የያዘችውን ማንኪያ አስቀምጣ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲህ የካምፑ ልጆች «አዋላጇ» የሚል ስም አወጡላት። በሰዎቹ ፊት ትስቃለች። ሦስቱንም ጊዜ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ መቼ እንደሚለያይ የወሰነው ሌላ ነበር። ይህ ውስጥ ውስጡን ይከነክናት ነበር።

ፑስፒታን የሰጧት በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ፑስፒታ የሶሎ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ መለሎ፣ ከላይ ስትመታ ራኬቷ እንደ ጅራፍ የሚጮህ። አሰልጣኙ፣ ሁሉም እንደ አባት «ፓክ» እያለ የሚጠራው ኩንቾሮ፣ ከስንት ክለብ ጋር ተሻምቶ ነው ያመጣት። ልጅቱ ግን ያደገችው የሴት ልጅ ኮቴ በማይሰማበት ቤት ነው፤ አያቷ በሶሎ ንጉሥ ግቢ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ታላቅ ሳይጀምር ምግብ አትነካም። በታላቅ ፊት ስታልፍ ወገቧን ሰበር፣ ቀኝ እጇን ወደ መሬት ዘርጋ አድርጋ ነው። ይህንኑ ሜዳ ውስጥም ታደርገው ነበር። የወደቀች ላባ ልታነሣ በላስሚ ፊት ስታልፍ እጥፍ ትላለች፤ በጎን ሜዳ የሚለማመዱት ራኬታቸውን ጥለው ይስቃሉ።

«ፑስፒታ፣ ሜዳ ውስጥ አጎንብሰሽ አትለፊ» ትላታለች ላስሚ።

«እሺ፣ ምባክ» ትላለች ልጅቱ፣ ታላቅ እህቷን እንደምትጠራ ሆና። እሺ ብላም አጎንብሳ ታልፋለች።

ማጎንበሱስ ባልከፋ። በጥንድ ጨዋታ አደገኛው ቦታ የሁለቱ መሃል ነው። በመሃል የምትመጣ ላባ፣ ቀኝ እጁ ወደ መሃል ለዞረው ተጫዋች ናት፤ ይህን ክለብ የገባ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ፑስፒታም ታውቀዋለች። ላባዋ ስትመጣ ግን እጇ ይነሣና መንገድ ላይ ይቆማል፤ ዓይኗ ወደ ላስሚ ይሄዳል። ላስሚ ደግሞ «የሷ ናት» ብላ ትተዋታለች። ሱራባያ ላይ በተደረገው ውድድር ላባዋ ሁለቱ እያዩአት በመሃላቸው ጠብ አለች። አንዴ ቢሆን ደግ፤ ደጋግማ ወደቀች። ከታዳሚው መሃል አንዱ ተነሥቶ «ይቅደሙ እንጂ!» ሲል ጮኸ። ከማዶ ሌላው «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ! አልቀድምም!» ብሎ መለሰለት። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። በመጀመሪያው ዙር ተሸነፉ።

ፓክ ኩንቾሮ ከአዳራሹ ጀርባ አቁሞ ጠየቃቸው። ሲናደድ ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው ነው።

«መሃሉ የማነው?»

«የምባክ ላስሚ ነው፣ ፓክ» አለች ፑስፒታ።

«በግራ በኩል ማን ነበር የቆመው?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ቀኝ እጅሽ ወዴት ዞሯል?»

«ወደ መሃል።»

«ታዲያ መሃሉ የማነው?»

ፑስፒታ አንገቷን ደፋች። «እርሳቸው ሊመቷት አስበው ቢሆንስ ብዬ ነው» አለች።

ፓክ ኩንቾሮ ልጅቱን አሰናብቶ ላስሚን አስቀራት። «አልደባብቅሽም» አላት። «የዓመቱ መጨረሻ ላይ እዚሁ ጃካርታ በሚደረገው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ግቡ። ካልገባችሁ ልጅቱን ለዩዩን እሰጣታለሁ። አንቺንም አመሰግናለሁ።»

«አመሰግናለሁ ማለት ወደ ቤትሽ ሂጂ ማለት ነው፣ ፓክ?»

«እንደዚያ ማለት ነው።»

ላስሚ ወደ ቤት መሄድን ጠልታ አይደለም። ባሏ ታርጆ ክላተን ውስጥ አስተማሪ ነው፤ ስልክ በደወለ ቁጥር «የሰው ልጅ አሳድገሽ አትጨርሺም እንዴ? የኛን መቼ ነው የምንጀምረው?» ይላታል። እሷም ቀኑ እንደቀረበ ታውቃለች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው ሳይሸኛት በገዛ አፏ «በቃኝ» ብላ መውጣት። ለዚህም ቢያንስ አንድ የውድድር ዓመት መጨመር ነበረባት።

ላስሚና ፑስፒታ በሚያድሩበት የካምፑ ክፍል ውስጥ ሦስት አልጋ አለ። ሦስተኛዋ ዩዩን ናት፤ ላስሚ ከሄደች ፑስፒታን የምትወርሰው እሷው። ምላሷ አያርፍም፣ ክፋት ግን የላትም። በማግስቱ ጠዋት ላስሚ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለፑስፒታ እንዲህ አለቻት፦

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ ታላቋ አንቺ ነሽ። ታዥኛለሽ፣ እታዘዛለሁ። አንቺ ብለሽ ነው የምትጠሪኝ፤ ምባክ የሚል ቃል መስማት አልፈልግም።»

ፑስፒታ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። እዘዢኝ።»

ልጅቱ ብዙ ካሰበች በኋላ «ካላስቸገርኩዎት… ጊዜው ካለዎት… ያቺን ፎጣ…» አለች።

«ይሄ ትእዛዝ ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ?»

ዩዩን ትራሷን አፏ ላይ ይዛ ተንከተከተች። «ለኔ ስጪኝ ፑስፒታ፣ እኔ ልዘዛት! አዋላጇ፣ እግሬን እጠቢኝ!»

«አንቺ ዝም በይ፤ ቦታዬን ስትወርሺ ታዢያለሽ» አለቻት ላስሚ።

«እሱንማ እየጸለይኩበት ነው» አለች ዩዩን። «ግን እንዲህ የሚያስቅ ከሆነ አንድ ወር ይዘግይልኝ።»

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከፋ። ፑስፒታ ላስሚን ውሃ ካስቀዳች በኋላ ውሃውን ለመጠጣት ትፈራ ነበር። ላስሚ የልጅቱን ካልሲ አጥባ ስታሰጣ ልጅቱ በመስኮት እያየች ጥፍሯን ትነክሳለች። እየዋለ ሲያድር ግን ምላሷ ተፈታ። አንድ ቀን ከልምምድ ደክማ ገብታ፣ ሳታስበው «ፎጣ!» ብላ ጮኸች። ጮኻም ደንግጣ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። ላስሚ ፎጣውን እየሮጠች አመጣችላት፤ ወርቅ የተቀበለች ያህል ደስ ብሏታል። በዚያው ሳምንት ሜዳ ላይ፣ በመሃል የመጣች አንዲት ላባ «የኔ!» የሚል ድምፅ ተከትሏት ተመታች። ፓክ ኩንቾሮ ከሰዓቱ ላይ ቀና ብሎ አየ።

የፑስፒታ እናት፣ በአክብሮት ቡ ሬትኖ የሚባሉት፣ ሳይነግሩ የመጡት ይሄኔ ነው። የኮኮናት ወተት የገባበት የሶሎ ቂጣ በቅርጫት ይዘው፣ ፀጉራቸውን ጎንጉነው፣ የክፍሉን በር ከፈቱት። ላስሚ ተንበርክካ ወለል ትጠርጋለች። ልጃቸው አልጋ ላይ ተጋድማ፣ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ «ከአልጋው ስር ቀርቷል፤ እንደገና ጥረጊ!» ትላለች።

ቅርጫቱ ከእጃቸው ሊወድቅ ደረሰ። ፑስፒታ እናቷን ስታይ ከአልጋ ላይ እንዴት እንደወረደች እግዜር ይወቅ፤ መሬት ላይ ተደፋች።

«ቡ ሬትኖ፣ አይቆጧት፤ እንድታዘኝ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለች ላስሚ መጥረጊያውን እንደያዘች።

«ማን ነው ማንን ያዘዘው?»

«እኔ እሷን፣ እኔን እንድታዘኝ።»

ሴትዮዋ አንዴ ላስሚን አንዴ ልጃቸውን አዩ። «እኔ ይህችን ልጅ ሳሳድግ ወገቤ ጎብጧል» አሉ ቀስ ብለው። «ሜዳሊያ ብታገኝ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ጨዋነቷን አውልቃ የት ልትሰቅለው ነው?»

ላስሚ አስረዳቻቸው። ስለ ሱራባያ፣ በመሃል ስለምትወድቀው ላባ፣ አዳራሹ «ይቅደሙ» እያለ እንደሳቀባቸው ነገረቻቸው። ቡ ሬትኖ ሰምተው ሲጨርሱ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ፤ ዋጡት። «እሷስ ምን ታድርግ፤ የናቷ ልጅ ናት» አሉ። «ሜዳና ይሄ ክፍል ውስጥ ብቻ ይሁን። ከዚህ ደፍ ካለፈ ግን እንደ እናትነቴ አልቀበልም። አሁን ተነሺ አንቺ! ለታላቅሽ ቂጣ አቅርቢ።»

ፑስፒታ በሁለት እጇ፣ ተንበርክካ አቀረበች። ዩዩን ከጥግ ሆና «አሁን ደግሞ ማን ነው አዛዡ? ግራ ገባኝ» አለች። ለሷም ቂጣ ደረሳት፤ አፏ ተያዘ።

የዓመቱ መጨረሻ ደረሰ። በጃካርታው ትልቅ አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸነፉ። በሩብ ፍጻሜ የገጠሟቸው ሁለት ረጃጅም የዴንማርክ ሴቶች ናቸው። ሕዝቡ በአየር የተሞላ ላስቲክ እያጋጨ አዳራሹን ያናውጠዋል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የፑስፒታ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ «የኔ! ያንቺ! ሂጂ ወደፊት!» ትላለች። መሃሉ ተዘግቷል። የመጀመሪያውን ጌም ወሰዱ፣ ሁለተኛውን አጡ፣ ሦስተኛው እኩል እኩል ሄዶ ዴንማርኮቹ ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ መሩ። አንድ ነጥብ ካገቡ ያበቃል።

ላስሚና ፑስፒታ ጎን ለጎን ቆመው እየተከላከሉ ነው። አንደኛዋ ዴንማርካዊት በሙሉ ኃይሏ ላባዋን ገፍታ ላከቻት። በላስሚ ትከሻ ትክክል፣ ከፍ ከፍ እያለች መጣች። እንዲህ ያለችዋ ከኋላው መስመር አልፋ ነው የምትወድቀው። ከጎን ሆኖ ለሚያይ ግልጽ ነው፤ ፊት ለፊት ለመጣችበት ሰው ግን አይለይም። ጓደኛ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«ተይው!» አለች ፑስፒታ።

ላስሚ ሰማች። ጥርት አድርጋ ሰማች። ሰምታም መታች። ላባዋ የራኬቷን ጠርዝ ነክታ መረቡ ስር ተደፋች።

አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሃል ፑስፒታ ወደሷ ዞረች፤ አላጎነበሰችም። «ተይው ብዬሽ ነበር እኮ!» አለቻት። ከፊት የተቀመጡ ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ላስሚ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «እኔን ነው?» የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ መለሰችው። ሄደው ዴንማርኮቹን ጨበጡ።

ወደ መልበሻ ክፍል በሚወስደው መተላለፊያ ስትሄድ ነገሩ ገባት። ስንት ወር ሙሉ ልጅቱን ታላቅሽን አትፍሪ እያለች ስታርም፣ ታላቅነት በራሷ እጅ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ማዘዙን አስተማረች፤ መታዘዙን አልተማረችም። ካልሲ ማጠብ ሌላ፣ በሃያ ለአሥራ ዘጠኝ ላይ የልጅ ቃል መስማት ሌላ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ፓክ ኩንቾሮ መተላለፊያው ውስጥ ይጠብቃቸዋል። ዩዩንና ሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«የመጨረሻዋ ምን ሆና ነው?» አለ።

እንዲህ ሲጠየቅ ታናሽ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል፤ ታላቅም ዝም ብሎ ይቀበላል። እንዲህ ነው የኖረው። ሁሉም ፑስፒታን ጠበቁ። ልጅቱ ግን አንገቷን ቀና አደረገች።

«ጥፋቱ የምባክ ላስሚ ነው፣ ፓክ። ተይው ብዬ ነበር።»

ከኋላ የሆነ ሰው ትንፋሹን ሳበ። ፓክ ኩንቾሮ ወደ ላስሚ ዞረ። «ሰምተሻታል?»

አልሰማሁም ብትል ማንም አይጠይቃትም። በዚያ ጩኸት አለመስማት ምን ያስገርማል? ጥፋቱም ቀስ ብሎ፣ ድምፅሽ አነሰ ተብሎ፣ ወደ ልጅቱ ይሄዳል። ላስሚ የፑስፒታን እጆች አየች። ራኬቱን ደረቷ ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ ከሽንፈቱ ይልቅ የተናገረችው አስፈርቷታል።

«ሰምቻታለሁ» አለች ላስሚ። «ሰምቼ ነው ያልታዘዝኳት።»

«ግማሽ ፍጻሜ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«እኔ ቃሌን አላጥፍም። ፑስፒታ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከዩዩን ጋር ነሽ።»

«አይሆንም፣ ፓክ» አለች ፑስፒታ።

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ካምፕ ለፓክ ኩንቾሮ ተነግሮት አያውቅም። ሰውየው ጆሮውን የተጠራጠረ ይመስል ጠጋ አላት። «ምን አልሽ?»

«ከዩዩን ጋር አልጫወትም። ዩዩን ጎበዝ ናት፤ ግን እኔ ማዘዝ የተማርኩት እርሳቸው ላይ ነው። እርሳቸውም መታዘዝ ገና አሁን ነው የሚጀምሩት። አንድ ዓመት ይስጡኝ፤ አስተምራቸዋለሁ።»

ዩዩን ከኋላ ሆና «እውነቷን ነው፣ ፓክ» አለች። «እኔ ቦታውን ስመኝ ነው የከረምኩት። ግን ይህችን ልጅ አሁን ማን ይችላታል? አፏን ያስከፈታት ይቻላት።»

«ማን ነው እንዲህ ያባለገሽ?» አላት ፓክ ኩንቾሮ ፑስፒታን።

ልጅቱ፣ ታላቅን በሌባ ጣት መጠቆም ነውር ነውና፣ በአውራ ጣቷ፣ በትሕትና፣ ወደ ላስሚ አመለከተች።

ሰውየው አፍንጫውን አሻሸ። ፈገግታውን ሊደብቅ ነበር፤ ላስሚ ዓይኑ ላይ አየችው። «እስከ መጋቢት» አለ። «ከዚያ በኋላ ያለውን እናያለን።» ብሎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ፑስፒታ አንድ ቅርጫት ሙሉ አሮጌ ላባ ይዛ መጣች። ላስሚን ከኋላው መስመር አጠገብ አቆመቻትና ከመረቡ ማዶ ሆና በትከሻዋ ትክክል ትልክባት ጀመር፤ «ምቺ!» «ተይው!» እያለች። ላስሚ «ተይው» ተብላ አንዷን ብትተዋት ላባዋ መስመሩ ውስጥ ወደቀች።

«ውስጥ ነበረች!» አለች ላስሚ ተቆጥታ።

«አውቃለሁ። ተይው ካልኩ ተይው ነው።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ብሳሳት የተሳሳትኩት እኔ ነኛ! ያንቺ ሥራ መተው ነው። አሁን ቁሚ፤ ወሬ አታብዢ።»

ላስሚ ቆመች። እስከ ምሳ ድረስ እጇ ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አምልጧት ነበር፤ ባመለጣት ቁጥር ልጅቱ ቅርጫቱን ከመጀመሪያው ታስጀምራለች። ፓክ ኩንቾሮ ከበሩ ላይ ቆሞ አየና ሳይገባ ተመለሰ።

መጋቢትን አለፉት። ቀጣዩንም ዓመት ተጫወቱ። ታላቅ ዋንጫ አላነሡም፤ አንድ ትንሽ ውድድር አሸነፉ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በመሃል ዙሮች ወደቁ። በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሲገባ፣ በሁለተኛ ዙር ተሸንፈው በተመለሱ ማግስት፣ ላስሚ ማንም ሳይጠራት ፓክ ኩንቾሮ ዘንድ ገብታ «ፓክ፣ በቃኝ» አለችው። እሱም ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት።

ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ ሻንጣዋን ስታወርድ ፑስፒታ በሩ ላይ ደረሰችባት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ክላተን። ለፓክ ኩንቾሮ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለኔስ? ማን ፈቀደልሽ?» ሻንጣውን ከእጇ ነጥቃ መልሳ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። «ዓርብ እናቴ ትመጣለች። እሷን ሳትሰናበቺ ንቅንቅ አትይም።»

ላስሚ የባቡር ትኬቷን ለመለወጥ ወጣች። እስከ ዓርብም ቆየች።